ጣሪያው ለካ አጥንት ነው

ኑ ግቡማ! ወንበር የለም፤ አንዳችሁ ጎማው ላይ፣ ሌላችሁ የተገለበጠው የቀለም ጣሳ ላይ ተቀመጡ። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የነሳኝ ነገር አንድ ቅዳሜ ድንገት ገብቶኝ፣ ከዚያ ወዲህ ለማን ልንገር ለማን ልንገር እያልኩ ነው የሰነበትኩት። ስለ መኪና ምንም ማወቅ አያስፈልጋችሁም። እኔም ብሎን መፍታት ከጀመርኩ ገና ሁለት ዓመት አልሞላኝም።

መኪናዋ ይህችው ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የተሠራች ቮልስ። አዲስ አበባ ውስጥ እያየናት ያደግነው ዓይነት ግን አይደለችም። ያቺ ከላይ እስከ ታች ብረት ናት። የዚህች ጣሪያ ጨርቅ ነው፤ መንጠቆዎቹን ከፈታችሁለት ተጣጥፎ ወደ ኋላ ይሄድና ከላያችሁ ሰማይ ብቻ ይቀራል። ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፒያሳ ዳገት ላይ፣ እንዲህ ያለች ክፍት ቮልስ አልፋኝ ሄዳለች፤ ያቺ ትዝታ ከውስጤ ወጥታ አታውቅም። እዚህ ሜሪላንድ፣ አንድ ሽማግሌ ጋራዥ ጥግ በአሮጌ አንሶላ ተሸፍና ስትሸጥ ሳገኛት እንዴት ልለፋት?

አሁን ወደ በሩ ልምጣ። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከበሩ ነው።

የሾፌሩ በር አልዘጋ አለ። ይመጣል ይመጣልና የላይኛው ጥግ ከኋለኛው ቋሚ ጋር ይጋጫል፤ በትከሻ ካልገፋችሁት አይቆለፍም። በር አልገጥም ሲል ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ማጠፊያውን ነው፤ እኔም እንደዚያው። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ማጠፊያውን ፈታሁ፣ አጠበቅኩ፣ ከሥሩ ስስ ቆርቆሮ አስገባሁ። ላዩ ሲስተካከል ታቹ ይከፈታል፤ ታቹን ሳስተካክል ላዩ ይጣበቃል።

በሦስተኛው ቅዳሜ በሩን ትቼ ወለሉን ከሥር ላየው ፈለግኩ። ከመኪናዋ ሆድ ሥር ወፍራም ጣውላ አጋደምኩ፣ ከጣውላው ሥር ክሪክ አስገባሁና በበሮቹ መካከል ገደማ ትንሽ ከፍ አደረግኳት። ጎማዎቹ ገና ከመሬት አልተላቀቁም። ከዚያ እጄ በልማድ በሩን ገፋ አደረገው።

ቀጭ! ብሎ ተዘጋ።

ቆይ ቆይ ቆይ። ማጠፊያውን ማንም አልነካውም! ክሪኩን አወረድኩ፤ በሩ እምቢ አለ። መልሼ ከፍ አደረግኩ፤ ቀጭ። አወረድኩ፤ እምቢ። ስድስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ በስድስተኛው ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅኩ። የታመመው በሩ አልነበረም። ቅርጹን የሚቀያይረው በሩ የሚገባበት ክፈፍ ነው! መኪናዋ መሃሏ ላይ እንደ ጠፍር አልጋ ረግባለች። መሃሏ ዝቅ ሲል የፊቱና የኋላው ቋሚዎች ከላይ አንዱ ወደ አንዱ ይጋደላሉ፤ በሩን ጫፉ ላይ የሚጨብጡት ለዚህ ነው። ክሪኩ መሃሉን ሲደግፈው ደግሞ ቀና ይላሉ።

ግን ብረት እንዴት ይረግባል? ይህን ለማየት አንድ የጫማ ካርቶን በቂ ነው። ይኸው። ክዳኑን ግጠሙና ዙሪያውን በፕላስተር እሰሩት። አሁን አንዱን ጫፍ በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጃችሁ ያዙና እርጥብ ልብስ እንደምትጨምቁ ጠምዝዙት። እምቢ ይላል አይደል? ፕላስተሩን ላጡና ክዳኑን አንሱት። ያው ካርቶን ነው፣ ግድግዳውም ወለሉም ምንም አልሆነም። ጠምዝዙት እስኪ። ወይ ጉድ! ያ ሁሉ እምቢታ የት ገባ? ክዳኑ እኮ ላይ ተቀምጦ አቧራ ከመከልከል ሌላ ሥራ ያለው አይመስልም ነበር።

እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ የመኪና ጣሪያ ለእኔ ኮፍያ ነበር፤ ዝናብና ፀሐይ መከለያ። ለካ አጥንት ነው!

አንድ ማስመሪያ ደግሞ ጨምሩልኝ። ጠፍጣፋውን ጎኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ጫን በሉት፤ ይጎብጣል። አሁን በጠርዙ አቁሙትና ጫን በሉት፤ ንቅንቅ አይልም። ፕላስቲኩም ክብደቱም ያው ነው፤ የተለወጠው ቁመቱ ብቻ። ሒሳቡ ደግሞ እንዴት ያስገርማል መሰላችሁ! የአንድ ጣውላ ስፋት እንዳለ ሆኖ ቁመቱን እጥፍ ብታደርጉት፣ ለመጉበጥ ያለው እምቢታ እጥፍ አይሆንም፤ ስምንት እጥፍ ነው የሚሆነው። ስምንት!

እንግዲህ ባለ ብረት ጣሪያዋን ቮልስ ከጎን ስታዩአት በጠርዟ የቆመች ትልቅ ማስመሪያ ናት። ከበሩ ሥር ካለው ደፍ እስከ ጣሪያው ከአንድ ሜትር በላይ ቁመት አላት። ክብደት ሲጫናት ጣሪያው ይጨመቃል፣ ወለሉ ይወጠራል፣ ቋሚዎቹ ሁለቱን ያስተሳስራሉ። ጣሪያውን ስትቆርጡትስ? በበሩ ቦታ የሚቀራችሁ ከእግራችሁ ሥር ያለው ደፍና በወለሉ መሃል የሚሄደው አከርካሪ ብቻ ነው። ደፉን በእጃችሁ ለኩት፤ ቁመቱ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ከሜትር ወደ ስንዝር! ሞተሩ ከኋላ፣ ነዳጁ ከፊት፣ ሰው ከመሃል፣ ይህ ሁሉ በስንዝር ላይ ቀረ ማለት ነው።

ጀርመኖቹ ይህን ከመጀመሪያው አውቀውታል። እ.ኤ.አ. በ1949 ቮልስዋገን ጣሪያ አልባዋን መኪና እንዲሠሩ ለሁለት ድርጅቶች ሥራ ሰጠ። ሄብሙለር ባለ ሁለት መቀመጫዋን ያዘ፤ ግን በዚያው ዓመት ፋብሪካው በእሳት ተጎዳና የሠራቸው መኪኖች አንድ ሺህ ሳይሞሉ ቀሩ። ኦስናብሩክ ከተማ የነበረው ካርማን ደግሞ ባለ አራት መቀመጫዋን ይዞ እስከ 1980 ዘለቀ፤ ከ330 ሺህ በላይ መኪኖች ከእጁ ወጥተዋል። የእኔዋም የእሱ ልጅ ናት። ካርማን ጣሪያውን አንስቶ ዝም አላለም። በየደፉ ሥር ተጨማሪ ወፍራም ብረት ዘረጋ፣ የበሩን ቋሚዎች አጠናከረ። በዚህ የተነሳ ጣሪያ የሌላት ቮልስ ጣሪያ ካላት ቮልስ ትከብዳለች! መጀመሪያ ሳነበው የጽሑፍ ስህተት መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ክዳን የሌለውን ካርቶን በእጄ ስይዘው ሌላ መንገድ እንዳልነበራቸው ይታየኛል፤ ከራስ ላይ የወሰዱትን አጥንት እግር ሥር መልሰው መቅበር ነበረባቸው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ብረት ተጨምሮላት የእኔዋ ለምን ረገበች? ይህን ያሳዩኝ ጎረቤቴ ጋሼ ናቸው። ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ ውስጥ በባትላሜራ ሥራ ነው የጨረሱት። ያን ቅዳሜ ከሰዓት መጡና የበሩን ጨዋታ አሳየኋቸው። አልሳቁም፣ አልተገረሙም። ትንሽ መዶሻ ጠየቁኝ፣ በርከክ አሉና ደፉን ከፊት ወደ ኋላ መታ መታ እያደረጉ ሄዱ። ጥን፣ ጥን፣ ጥን፣ ጥን... ዱፍ። ዱፍ። ዱፍ።

«ሰማኸው?» አሉኝ። «ከላይ ብረት ነው፤ ከውስጥ ብስኩት ሆኗል። በል ካቻቢቴህን አምጣ፣ ልጄ።»

አመጣሁ። ጫን ሳደርገው ገባ። ዳቦ ውስጥ እንደሚገባ ቢላ ገባ!

ከላይ ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ እንዴት ከውስጥ ይበላል? እዚህ ጋ ነው ነገሩ በጣም የሚያምረው፤ ጠጋ በሉ። የቮልስ ሞተር ውሃ አያውቅም። ራዲያተር የላትም። የሚያበርዳት ንፋስ ብቻ ነው። የሲሊንደሮቹን ዙሪያ እዩት፤ እንደ እንጉዳይ ሆድ ቀጫጭን ክንፎች ተደርድረውበታል። ትኩስ ሽሮ ቶሎ እንዲበርድላችሁ ከድስቱ አውጥታችሁ በሰፊ ሳህን ትገለብጡት የለ? ክንፎቹም ለዚያ ናቸው፤ ንፋሱ የሚነካው ቦታ እንዲሰፋ። ንፋሱን የሚገፋው ቬንትሌተር ደግሞ ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ተቀምጧል፤ አንዲት ቺንጊያ ሁለቱንም ታዞራለች። ስለዚህ መንገድ ላይ የባትሪዋ ቀይ መብራት ቦግ ካለ፣ ባትሪ አልሞላም ማለት ብቻ ላይሆን ይችላል። ቺንጊያዋ ተበጥሳ ከሆነ ሞተሩ ንፋስ አጥቶ እየነደደ ነውና ወዲያው ዳር ይዞ ማጥፋት ነው። አንዲት አምፖል ሁለት ወሬ ትነግራችኋለች!

ከዚያ ንፋስ ጥቂቱ ተቀንሶ በትኩሱ የጭስ ቱቦ ዙሪያ ባለ ሽፋን ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። ከጭሱ ጋር አይቀላቀልም፤ ቱቦውን ዳብሶት ብቻ ይሞቃል። ከዚያ የተሳፋሪውን እግርና የፊቱን መስታወት ለማሞቅ ከኋላ ወደ ፊት ይጓዛል። በየት በኩል ይመስላችኋል?

በደፉ ውስጥ!

ደፉ ክፍት ቱቦ ነው። መኪናዋን የሚሸከመው አጥንት ራሱ ሙቀቷን የሚያስተላልፍ ሳንባ ነው። አንድ ብረት፣ ሁለት ሥራ። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ መሬት ላይ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ውበቷም ሕመሟም እዚያው አንድ ቦታ ነው ያለው። ምክንያቱም እርጥበት ያለው አየር ቀዝቃዛ ብረት ሲያገኝ፣ የድስት ክዳን ከውስጥ እንደሚያልበው ያልባል። በዚያ ላይ የሜሪላንድ ክረምት አለ፤ በረዶው እንዲቀልጥ አስፋልት ላይ የሚበተነው ጨው ከውሃ ጋር ከጎማው እየተረጨ በየስፌቱ ይገባል። ዝገት ብረት፣ ውሃና አየር ከተገናኙ ይጀምራል፤ ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ይሮጣል። እና ዝገት መብላት ብቻ አይደለም ሥራው፤ ያብጣል! ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ነው የሚይዘው። ባቄላ ጠርሙስ ሙሉ ዘፍዝፋችሁ ብትከድኑት ጠርሙሱን ሊሰነጥቀው እንደሚችል ሁሉ፣ ዝገቱም ሁለቱ ላሜራዎች የተጣበቁበትን ስፌት ገፍቶ ይፈለቅቀዋል።

እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝ አለ። የተበላው ትንሽ ነው። አብዛኛው የደፉ ብረት ደህና ነው፤ ጥን ጥን ይላል። ትንሽ ተሰንጥቆ እንዴት ይህን ያህል ይረግባል?

ጋሼ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አንስተው ጠቀለሉትና በፕላስተር ገጠሙት። «ጠምዝዘው» አሉኝ። ጠንካራ ነው። ከዚያ ሌላ ወረቀት ጠቀለሉ፤ ይህንን ግን አልገጠሙትም። በእጃቸው ያዝ አድርገው ሰጡኝ። ጠመዘዝኩት፤ አንዱ ጠርዝ በሌላው ላይ ተንሸራቶ እጄ ላይ ፈረሰ። ያው ወረቀት፣ ያው መጠን፤ ልዩነቱ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ነው። ሸንበቆ ሰንጥቃችሁ ታውቁ ይሆናል። ሙሉው ሸንበቆ አልጠመዘዝም ይላል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ስንጥቅ ካወጣችሁበት በኋላ ግን በጣት ይታዘዛል፣ ከቁመቱም ከውፍረቱም ምንም ሳይጎድል። ጉልበቱ ያለው ዙሪያው በመዘጋቱ ነው!

ከጫማው ካርቶን ጋር ያገናኛችሁት አላችሁ? እኔ ያን ጊዜ ነው ጭንቅላቴ ውስጥ ያ የበሩ ቀጭ የተሰማኝ። ክዳን ያለው ካርቶን፣ ያልተሰነጠቀ ሸንበቆ፣ ጣሪያ ያላት ቮልስ፣ ዝገት ያልፈለቀቀው ደፍ፤ ሁሉም አንድ ነገር ናቸው። ካርማን ትልቁን ሳጥን ከፈተና በምትኩ በየጎኑ ትንሽ ዝግ ሳጥን አስቀመጠላት። ዝገቱ ደግሞ ትንሹን ሳጥን ከፈተው።

በደስታ ተነስቼ መቁረጫውን ያዝኩ፤ የበሰበሰውን ላወጣ። ጋሼ እጄን ያዙኝ።

«የቆመ ቤት ምሰሶ ሳታስደግፍ ትነቅላለህ?»

እውነታቸውን ነው። ደፉን በዚያች ሰዓት ብቆርጠው መኪናዋ የባሰ ትጎብጥና አዲሱን ደፍ በጎበጠ ቅርጽ ላይ ለዘላለም እበይደው ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ድጋፍ። በክሪኩ ቀስ እያልን መሃሏን አነሳን፣ በሩ ዙሪያው ያለው ክፍተት እኩል እስኪሆን። ከዚያ በሩን አወጣንና በባዶው ክፈፍ ውስጥ፣ ከፊተኛው ቋሚ እስከ ኋለኛው፣ ቱቦላሬ በየድን። ሌላ ቱቦላሬ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ። እጁ የተሰበረ ሰው በሸንበቆ እንደሚታሰር አድርገን አሰርናት ማለት ነው። የቆረጥነውም አንዱን ጎን ብቻ ነው፤ ሁለቱን ጎን በአንድ ጊዜ ማንም አይቆርጥም።

ከብየዳው በፊት መለካት አለ፤ ይህም የራሱ ተአምር አለው። እኔ ርዝመትና ስፋቱን ለክቼ ጨረስኩ፤ ትክክል ነው አልኩ። ጋሼ ከኪሳቸው የክብሪት ሳጥን አወጡ፣ እንጨቶቹን የያዘውን መሳቢያ አውጥተው ባዶውን ሽፋን በሁለት ጣት ጫን አሉት። ተጋደመ። «አራቱ ጎኖቹ ተለወጡ?» አልተለወጡም! ጎኖቹ ያው ናቸው፤ ቅርጹ ግን ተበላሽቷል። የተለወጠው ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ ያለው ርቀት ነው፤ አንዱ ረዝሟል፣ አንዱ አጥሯል። ግንበኛ የቤት መሠረት ሲያወጣ ገመዱን ከማዕዘን ማዕዘን አሻግሮ የሚለካው ለዚህ ነው። ስንት ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። የእኛን አሻግረን ብንለካው በዘጠኝ ሚሊሜትር ይበላለጣል። ሲታይ ምንም አይደለም፤ ለበር ግን ብዙ ነው። ስበን፣ ገፍተን፣ ወደ አንድ ሚሊሜትር አወረድነው።

ብየዳውን አጭር ላድርገው፤ እሱ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ ስስ ላሜራ አንድ መስመር ይዛችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትበይዱት ይጨማደዳል። የጋለው ቦታ ሊሰፋ ሲል ዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት አያሰፋውም፤ ሲበርድ ደግሞ ይሸበሸብና ሁሉን ወደራሱ ይስባል፣ ክር ሲጎተት ጨርቅ እንደሚሰበሰበው። ስለዚህ እዚህ አንድ ነጥብ፣ እዚያ ራቅ ብሎ አንድ ነጥብ፣ ከዚያ እየተመላለሱ መሃሉን መሙላት። ልብስ ሰፊም መጀመሪያ በሰፋፊው ይዞ ኋላ ነው የሚያጠብቀው።

ያ ጥግ ላይ የምታዩት ክምር ጣሪያው ነው። አንድ ጨርቅ እንዳይመስላችሁ! ከላይ ዝናብ የማያስገባ ሽፋን፣ ከመሃል የፈረስ ፀጉር ያለበት ወፍራም ትራስ፣ ከውስጥ ደግሞ ኮርኒስ የሚመስል ጨርቅ። እንደ ጋቢ ድርብርብ ነው፤ ሲታጠፍም መኪናዋ ጀርባ ላይ እንደታዘለ ሕፃን ጉብ ብሎ ይቀመጣል። የኋላ መስኮቱ ደግሞ እውነተኛ መስታወት ነው። ደፉ ሳያልቅ ግን አይገጠምም፤ በረገበ አልጋ ላይ አንሶላ ቢወጥሩት አይቀናም።

ኦ፣ ይህን ሳልነግራችሁ! የፊት ክዳኗን ስከፍት ከስኮርታው ጎማ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ወደ መስታወት ማጠቢያው ውሃ ይሄዳል። ለምን መሰላችሁ? ውሃውን መስታወቱ ላይ የሚረጨው ፓምፕ የለም። የስኮርታው ጎማ ንፋስ ነው የሚገፋው! ተቀምጦ የሚጠብቅ ጎማ እንኳ ሥራ ተሰጥቶታል።

ባለፈው ቅዳሜ የግራው ደፍ አለቀ። ቱቦላሬውን ቆርጠን አወጣን፣ በሩን መለስን፣ ክሪኩን አንድ አንድ ጣት እያልን አወረድን። ትንፋሼን ይዤ ነበር። ጎማዎቹ ሙሉ ክብደቷን ተቀበሉ። ጋሼ ከኪሳቸው አንድ ሳንቲም አወጡና በበሩና በኋለኛው ቋሚ መካከል ባለው ክፍተት ከታች ወደ ላይ አሳለፉት። ታችም አልላላ፣ መሃልም አልያዘ፣ ላይ ጥጉ ጋ ደርሶ በዚያው ልክ ወጣ። ከዚያ በሩን ከፈቱና በአንድ ጣት ገፉት።

ቀጭ።

ምንም አላሉም። እንደገና ከፈቱት፣ እንደገና ገፉት። ቀጭ። ሦስተኛ ጊዜም።

የቀኙ ገና ነው፤ እሱ ያው አሮጌው ደፍ ነው ያለው። እንኳንም ሳልነካው መጣችሁ። በሉ መጀመሪያ የግራውን በር በአንድ ጣት ዝጉ። ዞራችሁ የቀኙን ሞክሩት። ከዚያ መዶሻዋ እዚያው ከጎማው አጠገብ አለች፤ ከፊት ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ መታ መታ አድርጉና ድምፁ የት ላይ እንደሚለወጥ ንገሩኝ።